የአሠልጣኙ ደብተር ከካሜራው ይቅደም

የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ሥልጠናን በኢንተርኔት የመስጠት ፍላጎት በየቦታው ጨምሯል። በደሴና በኮምቦልቻም «ኮርሳችንን ኦንላይን እናድርገው» የሚለው ንግግር ከኮሌጅ እስከ ግል ማሠልጠኛ ይሰማል። ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ። የሚያሳስበኝ አጀማመሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈለገው ካሜራ ነው። አሠልጣኙ ሰሌዳ ፊት ይቆማል፣ ክፍል ውስጥ ለሁለት ሰዓት የሚናገረውን ይናገራል፣ ይቀረጻል፣ ይጫናል፣ ሥራው እንዳለቀ ይቆጠራል። እንዲህ የተሠራ ኮርስ ከአሠልጣኙ ዕውቀት ትንሹን ወስዶ ትልቁን ጥሎ ይሄዳል።

ትልቁ ዕውቀት ሠልጣኝ የት ላይ እንደሚሰናከል ማወቅ ነው። ሞጁሉን ማንም ማንበብ ይችላል። ዓመታት ያሠለጠነ ሰው ግን በየዙሩ የማትቀረዋን ጥያቄ፣ ሁሉም «ገብቶናል» ብለው ያልገባቸውን ርዕስ፣ ከማብራሪያ ይልቅ በእጅ መነካት ያለበትን ክፍል ለይቶ ያውቃል። ይህ በየትኛውም ሞጁል ላይ አልተጻፈም።

ከኮምቦልቻ ምሳሌ ላምጣ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ የስፌት ሥልጠና የብዙ ወጣቶች የሥራ መግቢያ ሆኗል። ጀማሪ ሠልጣኝ መኪናው ላይ ስትቀመጥ ቶሎ ከሚገጥማት ችግር አንዱ በጨርቁ ሥር ክር ተጠላልፎና ተከማችቶ መገኘቱ ነው። ጉዳቱ የታየው ከሥር ስለሆነ የሥሩ ክር የሚጠቀለልበትን ቦቢን ታወጣለች፣ ታጸዳለች፣ መልሳ ታስገባለች። ትሰፋለች፤ እንደገና ይጠላለፋል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ ነው። ጨርቁን የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ክር ካስገባች፣ ክሩን የሚወጥሩት ሁለት ትንንሽ ሳህኖች ተገጣጥመው ስለሚቆዩ ክሩ በመካከላቸው አይገባም። ሳይወጠር ያልፍና ከሥር ይከማቻል። ነባር አሠልጣኝ ይህን ለማወቅ መኪናውን መፍታት አያስፈልገውም። የጨርቁን ጀርባ ገልበጥ አድርጎ ያይና «እግሩን አንሺው እህቴ፤ ክሩን ከላይ ጀምረሽ እንደገና አስገቢ» ይላል።

የተለመደው የማስተማሪያ ቪዲዮ ትክክለኛውን የክር አገባብ በንጹሕ መኪና ላይ ያሳያል። የተበላሸውን ጨርቅ አያሳይም። ቤቷ ብቻዋን የተቀመጠችው ሠልጣኝ በእጇ የያዘችው ደግሞ የተበላሸውን ነው። እንግዲያው ትምህርቱ ከዚያ ይጀምር። የጨርቁ ጀርባ በቅርብ ይታያት፤ «ጥፋቱ ከላይ ነው ከታች?» ተብላ ትጠየቅ፤ መልሷን ከመረጠች በኋላ ምክንያቱ ይነገራት። አምስት ደቂቃና አንድ ስልክ ይበቃል። ስሕተቱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ግን ውድ ካሜራም ይህን ትምህርት አይወልደውም።

በሒሳብ ሥራ ሥልጠናም ያው ነው። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚማር ወጣት የውጭ ቪዲዮ ሲከፍት ዓመቱ በጃንዋሪ ይጀምርለታል። የእኛ የበጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ያም በጎርጎርዮሳዊው ጁላይ 8 ላይ ይውላል። በጁላይ መጀመሪያና በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ መካከል የቀሩት ቀናት ምን ይሁኑ? በውጭ ቪዲዮ ማንም አያነሣውም። ደሴ ላይ ያስተማረ አሠልጣኝ ግን ጥያቄው ሳይጠየቅ ይመልሰዋል።

ልምድን ያላማከረ የስክሪን ትምህርት ምን እንደሚመስል አገራችን አይታለች። በ1997 የትምህርት ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ፣ በእንግሊዝኛ መሰጠት ሲጀምር መምህሩ በገዛ ክፍሉ ውስጥ ተመልካች ሆነ። በስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንዶች ትጠብቃለች፣ ተማሪው ደብተሩን ሳይገልጥ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የክፍሉን ፊት የሚያነበው መምህር እዚያው ቆሞ ነበር፤ ትምህርቱን ማቆም ግን አይችልም ነበር። ያ ወጪና ያ ትጋት ለተማሪው የሚገባውን ያህል ያልጠቀመው በመሣሪያው ክፋት አይመስለኝም። የትምህርቱን ፍጥነት ሲወስኑ ክፍል ውስጥ የኖረውን መምህር ስላልጠየቁት ነው።

አንዳንዶች «የእጅ ሙያ በኢንተርኔት አይሰጥም» ይላሉ። በከፊል ልክ ናቸው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናችን 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን የሚለው መርሕ አሁንም የሚያስኬድ ይመስለኛል። ኦንላይን የሚሄደው በቅድሚያ ሠላሳው ነው። ሠልጣኙ ቤቱ ሆኖ ጥፋትን መለየት ከተለማመደ ወርክሾፕ ሲመጣ ሰዓቱ በእጅ ሥራ ላይ ይውላል። የቱ ቤት፣ የቱ ወርክሾፕ ይሁን የሚለውን መወሰን ያለበት ግን ሁለቱንም ያየ አሠልጣኝ ነው።

የኔትወርክ ጉዳይም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን ማንም አልረሳም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ኮርስ ለእኛ ኮርስ አይደለም። በአነስተኛ ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ 15 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በቴሌግራም ይላካል፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። ቪዲዮ የእጅ እንቅስቃሴ መታየት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ይግባ፤ ሌላው በድምፅና በፎቶግራፍ ይሁን።

ይህን በአስቸኳይ የምጠይቅበት ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ኮምፒውተርና ማሽን በገንዘብ ተተክቷል፤ ይተካልም። በደርግ ዘመን በተቋቋመው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሙያቸውን ያካበቱ ሰዎች ግን ጡረታ እየወጡ ነው። ከእነርሱ ጋር የሚሄደውን የሚተካ ጨረታ የለም።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። በአንድ ሙያ ያሠለጠኑ ሦስት ሰዎች ከቀረጻው በፊት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ። የድሮ የፈተና ወረቀቶችን፣ ሠልጣኝ ያበላሸውን ናሙና፣ የራሳቸውን ማስታወሻ ደብተር ይዘው ይምጡ። ብዙ ሰው የሳተው ጥያቄ የመጀመሪያው ትምህርት ይሁን። ከዚያ ለጥቂት ሠልጣኞች ይሰጥና አሠልጣኙ ምንም ሳይረዳቸው አጠገባቸው ተቀምጦ የት እንደሚቆሙ ይመዝግብ።

ደግሞ ይከፈላቸው። አሁን በጀቱ ወደ ቀረጻና ወደ ቅንብር ሲሄድ አሠልጣኙ ለቀረጻው ቀን አበል ተሰጥቶት ይሸኛል። ብዙ አሠልጣኞች ድምፃቸው አንዴ ከተቀዳ በኋላ አስፈላጊ እንዳይደሉ ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። ኮሌጆቹ ውል ይጻፉላቸው፦ ስማቸው በኮርሱ ላይ ይቀመጥ፣ ለዝግጅቱ ሰዓት ክፍያ ይኑራቸው፣ ኮርሱ በተሰጠ ቁጥር ድርሻቸው ይታወቅ፣ ሠልጣኞች በቴሌግራም ለሚያነሡት ጥያቄ መልስ የሚሰጡበት ጊዜም እንደ መደበኛ የማስተማሪያ ሰዓት ይቆጠርላቸው።