ስፋት ብቻውን ከግንድ አያድንም

ለጥምቀት ከውጭ የመጣ አንድ እንግዳ ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር በኤፍኤም ሬዲዮ ቀርቦ፣ በረዶ አገር ላሉ ልጆቻችን ስለ ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ ስለሚንሸራተቱበት ረጅም ጠፍጣፋ ጣውላ፣ ምክር ሰጠ። «ሰፊና ረጅሙን ግዙ፤ ስለማይሰምጥ ዛፍ መሃልም ያዋጣል» አለ። አዘጋጁም አመስግኖ ሸኘው። ኮሎራዶ ውስጥ ሰባት ክረምት ስኪ ሳከራይ የኖርሁ ሰው ነኝና ይህን ሰምቼ ዝም አልልም።

ዛፍ መሃል ጭንቁ መስመጥ ነው ያለው ማን ነው? ጭንቁ መታጠፍ ነው! ስኪ የሚታጠፈው ከአንዱ የብረት ጠርዝ ወደ ሌላው ሲጋደም ነው። ወገቡ፣ ማለትም ከጫማው ሥር ያለው መሃሉ፣ 120 ሚሊሜትር የሚሰፋ ስኪ ከ100ው ይልቅ ይዘገያል። ሜዳ ላይ መዘግየቱ አይታወቅም፤ በሁለት ጥዶች መካከል ግን ግንዱ ይቀድማል። በረዶውስ መቼ አንድ ዓይነት ሆነና? ከላይ እንደ ጤፍ ዱቄት የላላው፣ ወረድ ሲሉ ነፋስ የጠፈጠፈው ቅርፊት ይሆናል፤ ከታች ደግሞ ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋ ግግር ይጠብቃል። በግግር ላይ የሰፊ ስኪ ጠርዝ ከጫማው መሃል ስለሚርቅ ጉልበት ይጠመዝዛል። እኔም በሁለተኛው ክረምቴ እንዲህ ያለ ምክር ሰምቼ 190 ሴንቲሜትር የሚረዝመውን ይዤ ጫካ ገባሁ። አፍንጫው ዞረልኝ፤ ጅራቱ ግን ግንድ መታ። የፋሲልን ደረጃ በወረድሁ ቁጥር ግራ ጉልበቴ ያንን ቀን ያነሣብኛል። ከደባርቅ ወደ ስሜን ጭነት የሚያወጣ ሰው በቅሎ የሚመርጠው ቁመቷ አምሮት አይደለም፤ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ስለምታውቅ ነው።

እንግዳው ዝነኛውን የስኪ ሰው ሼን ማኮንኪንም ምስክር ጠርቷል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ስፓቱላ የተባለው ስኪው ከውኃ ላይ ስኪ የተወሰደ ሐሳብ ነበር፤ ወገቡ ከጫፎቹ የሰፋ፣ ጫፎቹ ወደ ላይ የቀኑ። ለጥልቅ በረዶ ተሠራ፤ ደረቅ ግግር ላይ የሚነክስ ጠርዝ የለውም። በሰፊ ገላጣ ተዳፋት ላይ ሰፊው ይንገሥ፣ አልከራከርም። የእኛው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን ኦሎምፒክ የተወዳደረበት የአገር አቋራጭ ስኪ ከሦስት ጣት አይሰፋም። ስኪን የሚመርጠው ቦታውና በረዶው ነው።

ለጠባብ ጫካና ለተቀላቀለ በረዶ ወገቡ 100 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ብዙ ያልራቀ፣ አፍንጫው ወደ ላይ የቀና፣ ከእግር ሥር ግን ጎበጥ ብሎ በረዶውን የሚነክስ ይበቃል። ደግሞ ሬዲዮው ጨርሶ ያላነሣው ነገር አለ፦ የጥድ ቅርንጫፍ በረዶውን ስለሚከለክል በግንዱ ዙሪያ ጉድጓድ ይፈጠራል። በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ የገባበት ሰው ያለ ረዳት መውጣት ይሳነዋል፤ ታፍኖም ይሞታል። ስለ ስፋት ያን ያህል ደቂቃ ሲወራ ይህ እንዴት ይረሳል?

የእህቴ ልጅ ዴንቨር ነው። ዝግጅቱን በስልኩ ሰምቶ «አጎቴ፣ 120ውን ልግዛ?» አለኝ። 102ቱን እንዲይዝና ጫካ ብቻውን እንዳይገባ በአርባ አራቱ ታቦት አስምዬዋለሁ።