ከጦሳ በላይ የተደፋ አክንባሎ

ስለ ደመና ባነበብኩት አንድ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው የምስር ቅርጽ ያለውን ደመና «ሰማይ ላይ ቆሞ የቀረ» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። የሚቆመው ቅርጹ ብቻ ነው፤ አየሩ ግን በውስጡ ያልፋል። እርጥብ አየር ተራራ ሲሻገር እንደ ማዕበል ይነሣል፤ ከፍ ሲል በውስጡ ያለው እንፋሎት ቀዝቅዞ ጠብታ ይሆናል፣ ቁልቁል ሲወርድ ጠብታው መልሶ ይተናል።

ደሴ ላይ አንድ ማለዳ ከጦሳ ተራራ በላይ ይህን ደመና አይቼዋለሁ፤ የተደፋ አክንባሎ ይመስል ነበር። በስልኬ ባነሣው ነጭ ወረቀት ሆኖ ወጣ። ጎረቤቴ እትዬ «ልጄ፣ እሱን ተወውና ስጡን አስገባ» አሉኝ። ጠብታም አልወረደ!

በኋላ እንደገባኝ፣ ስክሪኑ ላይ ደመናው በደመቀበት ቦታ ጣትን አሳርፎ ብርሃኑን መቀነስ ነው። የተራራው ጫፍም ፎቶው ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ ግዝፈቱ አይታወቅም። አስፔሪታስ የተባለው ሞገደኛ ደመና እኮ በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የደመና አትላስ (የደመና ዓይነቶች መዝገብ) ውስጥ የገባው ተራ ሰዎች ባነሧቸው ፎቶዎች ግፊት ነው።