ምስጋና ተረትን ለሚያርቁ

የደብረ ብርሃን ወላጆች ሊመሰገኑ ይገባል። ልጃቸው ቶር የተባለውን የሰሜን አውሮፓ የነጎድጓድ አምላክ የመዶሻውን ስም ሳይቀር ሲዘረዝር «እንግሊዝኛው ገባው» ብለው ይኮራሉ፤ ለበዓል ከመንዝ የመጡት አያቱ ግን ምድጃ ዳር ተቀምጠው «ተረት ተረት» ሲሉ፣ «የላም በረት» የሚላቸው ከማጣታቸውም በላይ፣ «እማማ፣ ልጁን በጭራቅ አያስፈራሩብን» ተብለው በአክብሮት ይገሠጻሉ። ልጁም ወደ ቴሌቪዥኑ ተመልሶ አንድ ሙሉ ዓለም ሲፈርስ ካየ በኋላ በሰላም ይተኛል።

አይስላንዶች ይህን የመሰለ አስተዋይነት አልታደሉም። እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ክርስትናን ከተቀበሉ ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ፣ ስኖሪ ስቱርሉሶን የሚባል ክርስቲያን ባላባት ማንም የማያመልካቸውን የጥንት አማልክት የእነ ቶርን ታሪክ በገዛ ቋንቋው በብራና ላይ አሰፈረ። እኛ ብራና ለእንዲህ ያለው ወግ አናባክንም፤ የበግና የፍየል ቆዳ ቸግሮን ግን አያውቅም። የእርሱ ችኮላ መዘዙ ብዙ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካው አሳታሚ ማርቭል ቶርን የሥዕላዊ መጽሔት ጀግና አደረገው፤ በ2009 ደግሞ ዲዝኒ ማርቭልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። የጥንት ተረት ባለመብት ስለሌለው ለስኖሪ ዘር ሳንቲም የሚከፍል የለም። ያው በር ለእኛም ክፍት ነው፤ ሰውና ከብት ይገበርለት ስለነበረው ዘንዶ ንጉሥ ስለ ዐርዌ ፊልም ለመሥራት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ጨዋዎች ስለሆንን በክፍት በር አንገባም። (ገድልን ከዚህ ጋር አልቀላቅልም፤ የምናገረው ስለ ምድጃው ዳር ወግ ነው።)

የግሪኮቹ ነገርማ ይበልጥ ያስደንቃል። የአውሮፓ ተማሪ ቤት ለዘመናት ላቲንና ግሪክ ሲያስጠና አማልክቱም አብረው ተጠኑ፤ በዚያው ተረት ውስጥ ግን ለባሕር አውሬ የተሰጠችው አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ በሆሜር የጦርነት ግጥም በኢሊያድም ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ይሄድና በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ይመለሳል። የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተ ደቡብ ላለው ሰፊ አገር የተሰጠ ስም መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም እንግዳን ዐሥራ ሁለት ቀን የሚያቆይ ድግስ የእኛ አይደለም የሚል ሰው ሸዋን አያውቅም። እኛም እንደ ደግ ባለቤት እንግዳውን አብልተን ሸኘነው፤ ታሪኩን ግን እርሱ ይናገረው ብለን ተውንለት።

የከተማችን ስም እንኳ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ታየ ከተባለ ብርሃን የመጣ ነው፤ ልጁ ይህን አልጠየቀም፣ የነገረውም የለም። ባለፈው በዓል ግን አያቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው «ይህ መዶሻ የያዘው የማን ልጅ ነው?» ሲሉት፣ ከአባቱ ከኦዲን ጀምሮ እስከ ተንኮለኛው ሎኪ ድረስ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። እሳቸውም የጨዋ ልጅ ናቸውና፣ ሳያቋርጡ አዳምጠው ሲያበቁ «የላም በረት» አሉት።