ዳቦውን ማን አቦካው?

ቅዳሜ ማታ አንድ የሩማንያ ፊልም አየሁና እንቅልፌን አጣሁ። ስሙ «አር ኤም ኤን» ይባላል። ሩማንያዎቹ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየውን የኤምአርአይ ምርመራ በዚህ ምህጻረ ቃል ነው የሚጠሩት። የክርስቲያን ሙንጂዩ ሥራ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022።

ቦታው ትራንሲልቫኒያ በሚባለው የሩማንያ ክፍል ያለች መንደር ናት። ሩማንያዊው፣ ሀንጋሪው፣ ጀርመኑ አብሮ ይኖርባታል። ጉልበት ያለው ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሄዷል። ዳቦ ቤቱ በሚከፍለው ደሞዝ የሚሠራ የመንደር ሰው ሲጠፋ ከስሪላንካ ጥቂት ሠራተኞች አስመጡ። መንደሩ ታመሰ። እነሱ ያቦኩትን ዳቦ አንበላም አሉ።

ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ዲትረው በምትባል የሩማንያ መንደር እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥም ሆኗል።

የስብሰባው ትዕይንት ጉድ ነው! ካሜራው ለ17 ደቂቃ ያህል ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሰው እየተነሳ ይናገራል። አንዱ በሽታ ያመጡብናል ይላል። ሌላው እኛ አንጠላቸውም፣ ግን አገራቸው ይሁኑ ይላል። የቀበሌ ስብሰባ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው አዳራሹ አይጠፋውም።

የሚገርመው፣ ፊልሙ ሲጀምር የዚያው መንደር ሰው ጀርመን ቄራ ውስጥ ሲሠራ ይሰደባል። አለቃውን በቴስታ ብሎት ወደ አገሩ ይሸሻል። እዚህ ጀርመን ሩማንያዊውም መጤ ነዋ። እኔ በምሠራበት መጋዘን እነሱና እኛ ሀበሾች ምሳ የምንበላው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌላው ጠረጴዛ የማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

እና ሶፋዬ ላይ ተደላድዬ ስፈርድባቸው ሸክላ ሠሪዋ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሆኜ ከሰፈራችን ዳር፣ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ነበረች። ቡዳ ናት ይባላል። ስታልፍ እማዬ ነጠላዋ ውስጥ ትሸሽገኛለች። ድግስ ቢኖር የምትቀመጠው ከበር ውጭ ነው፤ ጠላም ቢሰጣት ሌላ ሰው በማይጠጣበት ጣሳ። እሷ የጋገረችውን እንጀራ የሚቀምስ አልነበረም። ግን ምጣዱን የሠራችው ማን ሆነና! ድስቱም፣ ጀበናውም የእሷ እጅ ነው። የነካችውን አንበላም እያልን በየቀኑ በነካችው ላይ እንጋግር ነበር። የሩማንያዎቹስ ቢያንስ ዳቦውን መግዛት አቁመዋል።

እሁድ እማዬ ጋ ደወልኩ። ያ ምጣድ አለ ወይ አልኳት። አለ፣ አልተሰነጠቀም፣ እንደሱ ያለ አሁን አይገኝም አለችኝ። የሴትየዋን ስም ጠየቅኳት።

ዝም አለች። አታውቀውም።