ይድረስ ለክቡር የቸርችል ጎዳና ዳገት

ቀን፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40 (ሰዓት አልፎብኛል)
ጉዳዩ፦ ትንፋሼ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሰላምታዬ ከተቆራረጠብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ማመልከቻ የምጽፈው ቴዎድሮስ አደባባይ ዳር ተቀምጬ፣ አንድ እጄን ጉልበቴ ላይ፣ ሌላውን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው። በምን እጅ እንደምጽፍ አይጠይቁኝ።

አመልካች የቄራ ነዋሪ ነኝ። እንጀራዬ ፒያሳ ነው። ንብረቴ ደግሞ አንድ ብስክሌት ነው፤ እሱም ባለ አንድ ማርሽ።

እውነቱን ልናገርና፣ በታክሲ ስመላለስ አላውቅዎትም ነበር። ስንት ዓመት ደረትዎ ላይ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ «እዚህ ጋ ዳገት አለ» ብዬ አላውቅም። ሚኒባሱ ትንሽ ያቃስታል፤ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ አለቀ። ባለ ሥልጣን መሆንዎን ያወቅኩት በእግሬ ደጅዎ ስቆም ነው። ባለ ሥልጣን ሁሉ እንዲህ ነው መሰለኝ።

ብስክሌቱን የሸጠልኝ ሰው አልዋሸኝም። «ይሄ አያስቸግርህም፤ የሚበላሽ ነገር የለውም» አለኝ። ልክ ነው። ከዚህ በፊት ባለ 21 ማርሽ ነበረኝ። ከ21ዱ ሦስቱ ብቻ ይሠሩ ነበር፤ የትኞቹ ሦስቱ እንደሆኑ ደግሞ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ከሚስቴ ይልቅ ከጠጋኙ ጋር ነበር የማመሸው። አሁን ከፊት አንድ ጥርሳም ክብ፣ ከኋላ አንድ ጥርሳም ክብ፣ በመሃል አንድ ካቴና። ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ካላማዳሪው ይለጠፋል፣ ወደ ሥራዬ። ነዳጅ ማደያ የተሰለፈውን መኪና ሁሉ ደወል እያሰማሁ አልፋለሁ። ይህን የማደርገው ለክፋት ነው።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። የፊተኛው 46 ጥርስ አለው፤ የኋለኛው 18። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር አምስት ሜትር ከምናምን እሄዳለሁ። ሜዳ ላይ ይህ በረከት ነው። ከቄራ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ለገሃር እንደ ንጉሥ ነኝ። እርስዎ ዘንድ ስደርስ ግን ያቺው አምስት ሜትር ዕዳ ትሆናለች። ባለ ብዙ ማርሹ ዕዳውን ቀስ አድርጎ፣ በየወሩ ከፋፍሎ ይከፍላል። እኔን ግን በጥሬው፣ በአንድ ጊዜ፣ ያውም ቆሜ እንድከፍል ያደርጉኛል። በዚያ ላይ ከተማችን የተቀመጠችው ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ነው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከትንፋሽም ላይ ቀረጥ አለ ማለት ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእርስዎን ያወጣው መልአክ ብስክሌት ነጂ መሆን አለበት። እንግሊዛዊው ቸርችል በ1940 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ለፓርላማው የተናገረውን ያስታውሳሉ? ከደም፣ ከልፋት፣ ከእንባና ከላብ በቀር የማቀርብላችሁ የለኝም ነበር ያለው። እሱ ጦርነት ነበረበት። እርስዎ ግን ማክሰኞም ሐሙስም ይህንኑ ነው የሚያቀርቡት። ላቡንና ልፋቱን በየጠዋቱ ሳይጓደል ተቀብያለሁ። የቀሩትንም እደርስባቸዋለሁ።

አሠራሬን ላስረዳ። ከለገሃር ስነሣ ፍጥነት እንደ ዕቁብ አጠራቅማለሁ። ባለ አንድ ማርሽ ሰው ሌላ ሀብት የለውም፤ ያለው ፍጥነቱ ነው። ጎንበስ እላለሁ፣ እረግጣለሁ፣ ትንሽ ትንሽ እጥላለሁ። ዕቁቡ ሊወጣልኝ፣ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ልበላው ስል ቀይ መብራት ይበራል። ያጠራቀምኩት ሁሉ እዚያው ፍሬን ላይ ቀለጠ። አረንጓዴ ሲበራ ከዜሮ፣ ያውም ሽቅብ።

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ሲያየኝ አፍራለሁ። ከሱ በላይ ጥቁር አንበሳ አለ፤ ይኼኛው እንኳ ሆስፒታል ነው። ልክ ዳገቱ ሲጠና ሆስፒታል መገኘቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

እዚያ አካባቢ ፍጥነቴ ከእግረኛ ያንሳል። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ባለፈው ሳምንት ነጠላ የለበሱ እናት በእግራቸው ቀደሙኝ። ቀድመውኝ ቢሄዱ ምን ነበረበት? ዞር ብለው፣ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ትንሽ አረፍ በል» አሉኝ። እናቴ፣ ብስክሌት ላይ ሆኖ አረፍ ማለት መውደቅ ነው ልላቸው ፈለግሁ። ለመናገር የሚተርፍ አየር አልነበረኝም። ዝም ብዬ ጥርሴን አሳየኋቸው፤ ፈገግታ መስሏቸው መረቁኝ።

የሚኒባስ ረዳቶችን ነገርማ አያንሡት። አንዱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከእኔ እኩል ሆኖ፣ አይን አይኔን እያየ «ፒያሳ አንድ ሰው! ፋዘር፣ አንድ ሰው ነው የቀረን!» ይለኛል። ሌላው «ማርሽ ቀይርበት እንጂ!» ብሎ ይመክራል። ለዚህ ልጅ ልነግረው የምፈልገው ታሪክ አለኝ። ቱር ዴ ፍራንስ የሚባለው የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ የማርሽ መቀየሪያ አይፈቀድበትም ነበር። እነዚያ ጀግኖች ተራራ ሥር ሲደርሱ ከብስክሌታቸው ይወርዱና የኋላውን ጎማ ፈትተው ያዞሩት ነበር፤ በአንዱ ጎን የሜዳው ጥርስ፣ በሌላው የዳገቱ። ይህን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ቀና ስል ልጁ ማዘጋጃ ደርሷል።

አሁን የተቀመጥኩበት አደባባይ ደግሞ ሌላ ሽሙጥ ነው። የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ቆሞበታል። ዋናው ጋፋት ላይ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ አምባ ላይ የወጣው በሰው ጉልበት ተጎትቶ ነው። ወራት ፈጅቷል። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ይጠርጉ ነበር። ከከተማው ቦታ ሁሉ ተመርጦ እዚህ፣ ዳገት ወገብ ላይ መቀመጡ ለማን እንደሆነ ገብቶኛል። እሱም ማርሽ አልነበረውም።

ጠባይዎን ሳጠና አንድ ነገር አስገርሞኛል። በዘመድ አይሠሩም። ለሻይም አይቀበሉም። ሁሉንም እኩል ያስተናግዳሉ ልል ነበር፤ ግን አያስተናግዱም። መኪና ያለውን ዝም ብለው ያሳልፋሉ፤ ጉልበት ብቻ ያለውን ደጅ ያስጠናሉ።

ቢሮ ስደርስ ያለውንም ይወቁት። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ፊቴ በርበሬ መስሏል። አዲሱ የጥበቃ ሠራተኛ አየት አደረገኝና «ዕቃውን እዚህ አስቀምጠውና ውጣ፤ እኛ እናደርሳለን» አለኝ። ዴሊቨሪ መስየው ነው። የዚህ ቢሮ ሠራተኛ መሆኔን ለማስረዳት መታወቂያ አወጣሁ። መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ደረቅ ነው፤ አላመነኝም።

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ታሪክም አለበት። መላው ከተማ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ያዘቀዘቀ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። መውረዱን ታሪክ መዘገበው። መውጣቱ ለእኔ ቀረ።

መውጣት ካልኩ የአክስቴን ጉዳይም ላንሣ። ስድስት ኪሎ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስቴ ሽንኩርት ታስይዘኛለች። ከቤት ስነሣ ሦስት ኪሎ ነበር፤ በሚዛን ነው የተመዘነው። በእርስዎ በኩል አልፌ አራት ኪሎ ስደርስ አራት ኪሎ ሆነ። አምስት ኪሎ ላይ አምስት። አክስቴ በር ላይ ወርጄ ፌስታሉን ስሰጣት ግን «ይቺን ብቻ ነው የላከችው?» አለች።

ማታ ማታ ውለታዎን አልክድም። ከማዘጋጃ ቁልቁል እግሬን ሳላንቀሳቅስ ለገሃር እደርሳለሁ። ጠዋት አርባ ደቂቃ የፈጀብኝን መንገድ ማታ ሳልጠግበው ያልቃል። ያ የጠዋቱ ረዳት ትራፊክ መሃል ተቀርቅሮ ሳልፈው «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እለዋለሁ። ነፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። እንባውንም ሰጡኝ ማለት ነው።

ደሙ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ዝናብ ነበር። ጎርፉ ከእኔ እኩል ይወርድ ነበር፤ እንዲያውም ሳይቀድመኝ አልቀረም። ፖስታ ቤት አካባቢ ፍሬን ስይዝ ፍሬኑ አልያዘም። ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተላተምኩና ክርኔንና ጉልበቴን ላጥኩት። ሰው ተሰበሰበ። ያነሡኝ ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁኝ «ብስክሌቱ ተረፈ?» ብለው ነው። ተርፏል። የሚበላሽ ነገር የለውማ።

እንግዲህ የእንግሊዛዊውን ቸርችል አራቱንም ነገሮች በደረሰኝ ተረክቤያለሁ።

አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ እሱም ኮሪደር ልማቱ ነው። ፒያሳ ስትፈርስ አየሁ። አጥር ተነሣ፣ ሱቅ ተነሣ፣ የማውቀው ቁርስ ቤት ተነሣ፣ ሰፈር እንዳለ ተነሣ። ከዚያ መብራቱ መጣ፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ መጣ፣ በየቦታው የብስክሌት መስመርም መጣ (መስመሩ ላይ ፎቶ የሚነሡትን ሙሽሮች እያስፈቀድኩ ነው የማልፈው፤ ስንት አልበም ውስጥ ከኋላ እንዳለሁ እንጃ)። ተራው የእርስዎ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ከዚያ ሁሉ ነዋሪ የልማት ተነሺ ያልሆኑት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ስለዚህ ጥያቄዬን ዝቅ አድርጌ አቀርባለሁ። ይነሡልኝ አልልም። ግን መሥሪያ ቤት ሁሉ የምሳ ሰዓት አለው። እርስዎስ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ትንሽ ዝቅ ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል? ክረምት ላይ የዓመት ፈቃድ ቢወጡስ? ይህም ካልተቻለ፣ ቢያንስ እናቶች በእግራቸው ሲቀድሙኝ ዞር ብለው እንዳያዩኝ አንድ መላ ይፈለግልኝ።

ባለ ማርሽ ብስክሌት ግዛ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጠጋኙም ናፍቆኛል ብሎ ሰላምታ ልኮብኛል። ሚስቴ ግን አልተስማማችም።

በሉ፣ አሁን እግሬ መንቀጥቀጡን ትቷል። ከዚህ እስከ ማዘጋጃ የቀረችውን እየገፋሁ እወጣታለሁ። ሰው ካየኝ ጎማው ተንፍሶ ነው እላለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች
(ፊርማው በላብ ደብዝዟል)

ግልባጭ፦
ለቀኝ ጉልበቴ
ለግራ ጉልበቴ (ለመረጃ ያህል፤ ሥራ አቁሟል)
ለአክስቴ፣ ስድስት ኪሎ (የዚህ ሳምንቱ ሽንኩርት በታክሲ ይመጣል)