ጫማ ማስወለቅ ሌላ፣ እግር መቁረጥ ሌላ

ሰሞኑን ስለ ቻይና ልብ ወለድ በተነሳ ክርክር ያቺ የኤርፖርት ምሳሌ ተመልሳ መጣች። ቻይናዊው ደራሲ ሞ ያን የሥነ ጽሑፍ ኖቤሉን ሊቀበል ስቶክሆልም በሄደበት በዲሴምበር 2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ለጋዜጠኞች የተናገራት ነች። ሳንሱር ኤርፖርት ላይ ቀበቶና ጫማ እንደሚያስወልቀው ፍተሻ ነው፣ ደስ ባይልም ያስፈልጋል ዓይነት። የዛሬዎቹ ተከራካሪዎች ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩባት፦ ብዕር የሚሳለው ሲከለከል ነው፤ ሳንሱር ባይኖር ሞ ያንም አይኖርም ነበር፤ የእኛስ ሰምና ወርቅ ከዚያው አይደል የመጣው?

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ከሁሉም የባሰው እሱ ነውና። ቅኔ የሳንሱር ልጅ አይደለም። ጉባኤ ቃናን በሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየን በሦስት ቤት ሲቆጥር የሚያድረው የቅኔ ተማሪ ከሹም የሚደብቀው ነገር ኖሮት አይደለም፤ ሙያ እየተማረ ነው። የሚዘርፈውም በቤተ ክርስቲያን መሐል፣ መምህሩም ሹሙም ጆሮ ሰጥተውት ነው። ወርቁ ሲገኝለት «ይበል!» ይባላል። ሳንሱር ወርቁን ሲያገኘው ይበል አይልም። ክልከላ ብዕር ይስላል የምትሉ፣ ኦሮማይን ባሳተመ በወራት ውስጥ እንጀራውን፣ በ1984 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ደብዛውን ላጣው ለበዓሉ ግርማ ምን ተሳለለት?

ወደ ኤርፖርቱ እንመለስ። ኤርፖርት ላይ የተከለከለው ነገር በሥዕል ተለጥፏል፤ ቢላ አይገባም፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይገባም። የቻይና የኅትመት ደንብም ዝርዝር አለው፤ አሥር ነጥብ። አንዱ የአገርን ክብርና ጥቅም የሚጎዳ ይላል፤ አንዱ የማኅበረሰቡን ሞራል የሚጎዳ ይላል፤ አሥረኛው በሕግም ሆነ በመንግሥት የተከለከለ ሌላ ማንኛውም ነገር ነው። አሥረኛው ካለ ዘጠኙ ምን ይሠራሉ? «ሌላ ማንኛውም ነገር» የሚል ወረቀት የለጠፈ ኤርፖርት ቢኖር መንገደኛው ሁሉ ሻንጣውን ቤቱ ጥሎ ይመጣ ነበር። የቻይና ደራሲም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ፈታሹስ ማን ሆነና? ሳንሱር ሲባል ብዙ ሰው ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሹም ይታየዋል፤ ብልጥ ደራሲ ሊሸውደው የሚችል ሹም። ነገሩ እንዲህ ቢሆን በታደሉ። ቻይና ውስጥ መጽሐፍ በሕግ ለመሸጥ የመጽሐፍ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ የሚሰጠው ደግሞ ፈቃድ ላላቸው 580 ገደማ የመንግሥት አሳታሚዎች ብቻ ነው። የግል ድርጅት ደራሲ ፈልጎ፣ ሽፋን አሠርቶ፣ ገበያ አጥንቶ ሲያበቃ ለቁጥሩ የእነሱን ደጅ ይጠናል። ረቂቁን መጀመሪያ አርታኢው፣ ቀጥሎ የክፍሉ ኃላፊ፣ በመጨረሻ ዋና አርታኢው ያነቡታል፤ እያንዳንዳቸው ይፈርማሉ። የባህል አብዮትን (የማኦን የ1966–76 የማጥራት ዘመቻ)፣ የኮሚኒስት ፓርቲውን ታሪክና መሪዎቹን፣ ሃይማኖትን ወይም ብሔረሰቦችን የሚነካ ከሆነ በከባድ ርዕሰ ጉዳይነት ወደ በላይ ተልኮ መመዝገብ አለበት፤ መልስ እስኪመጣ ቁጭ ነው። ከማርች 2018 ወዲህ «በላይ» ማለት ራሱ የፓርቲው የፕሮፓጋንዳ ክፍል ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ፈራሚ አስቡት። ያሳለፈው አንቀጽ ነገር ካመጣ ፊርማው እዚያ አለ። የቆረጠውን ግን ለምን ቆረጥክ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ይቆርጣል። በላዩ ያለው፣ የበታቹ የተወውን ይቆርጣል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ደራሲው፣ አርታኢው እንዳይቸገር ብሎ ገና ሲጽፍ ቆርጧል። ሹሙ ትንፍሽ ሳይል ሥራው አልቆ ያድራል። ማንን ነው ታዲያ በሰምና ወርቅ የምትሸውዱት? ሁሉም ፈሪ በሆነበት ሰንሰለት ውስጥ «ሰም ሊሆን ይችላል» የሚል ጥርጣሬ ብቻ ለመቁረጥ ይበቃል።

የን ሊየንከን እዩት። በ2005 «ሕዝብን አገልግሉ» የተባለ ልብ ወለዱ ጓንግዡ በሚታተም መጽሔት ላይ ወጥቶ ታገደ፤ ማሠራጨቱ ብቻ ሳይሆን ስለ እሱ መጻፍም ጭምር። ቀጥሎ የሄናን ገበሬዎችን የደም ንግድ ይዞ ተነሳ። በ1990ዎቹ ደም ሰብሳቢዎቹ ፕላዝማውን ከለዩ በኋላ፣ የበርካታ ሰው ቀሪ ደም ባንድ ቀላቅለው ለሻጮቹ መልሰው ይወጉ ነበር፤ ሰውዬው ቶሎ አገግሞ እንደገና እንዲሸጥ። አንድ በኤች አይ ቪ ቫይረስ የተያዘ ሰው ከገባበት መንደሩ አለቀ ማለት ነው። የን ይህን «የዲንግ መንደር ሕልም» ብሎ ሲጽፍ፣ እንዲያልፍለት ሲል ራሱን በራሱ ሳንሱር ማድረጉን በገዛ አንደበቱ ተናግሯል። በ2006 ታተመ፤ ወዲያው ሥርጭቱ ታገደ። ብዕሩን አደንዝዞም አልዳነም! ከዚያ በኋላ «ታላቁ እመርታ» በተባለው የማኦ የኢኮኖሚ ዘመቻ ዘመን ስለነበረው ረሃብ ሳይሸማቀቅ የጻፈው ልብ ወለድ የታተመው ሆንግ ኮንግና ታይዋን ነው። አገሩ መደብር ውስጥ የለም።

ኤርፖርት ላይ ደግሞ አንዴ ካለፍክ አለፍክ። ፋንግ ፋንግ አልፋ ነበር። «ለስላሳ ቀብር» የተባለው ልብ ወለዷ፣ ያለ ሬሳ ሣጥን አፈር ውስጥ ስለሚጣሉ ሰዎችና መሬት ከባለርስት ነጥቆ ለገበሬ ስላከፋፈለው የኮሚኒስቶቹ ዘመቻ የሚያወራው፣ በ2016 በአንጋፋ የመንግሥት አሳታሚ ወጣ። በ2017 ሉ ያዎ የተባለውን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት የማኦ ናፋቂዎች፣ ጡረታ የወጡ ባለሥልጣናት ሳይቀሩ፣ ጮኹበትና ከመደብር ተለቀመ። ሦስቱ ፊርማዎች የት ሄዱ? አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ መንገደኛ የሚያወርዱ ፈታሾች ናቸው እነዚህ። የምሳሌው ባለቤት ራሱ በ2024 ምን እንደገጠመው ተከራካሪዎቹ ለምን አያነሱም? አንድ በበይነ መረብ አገር ወዳድ ነኝ ባይ፣ ሞ ያን የአገሪቱን ሰማዕታት ሰድቧል ብሎ ክስ አዘጋጀበት፤ ለእያንዳንዱ ቻይናዊ አንድ ዩዋን፣ በድምሩ 1.5 ቢሊዮን ዩዋን እንዲከፍል።

ይባስ ብሎ ፍተሻው ቤት ድረስ መጥቷል። በ2022 አንዲት የበይነ መረብ ደራሲ ከአንድ ሚሊዮን ፊደል በላይ የያዘው ረቂቋ፣ ገና ለማንም ሳይታተም፣ ደብሊው ፒ ኤስ በተባለው የአገሬው የጽሑፍ ፕሮግራም «የተከለከለ ይዘት አለው» ተብሎ ተቆለፈባት። ኩባንያው የምንፈትሸው ሰው የሚጋራውን ፋይል ነው አለ። ይሁን።

አንድ ነገር ልተውላቸው። ሊዩ ትሲሺን ዝነኛ የሳይንስ ልብ ወለዱን በባህል አብዮት ትዕይንት ሊከፍት ነበር፤ በ2008 በመጽሐፍ ሲወጣ ትዕይንቱ ዓይን እንዳይገባ መሐል ላይ ተወሸቀ። መጽሐፉ ዳነ፣ ጥሩም ሆነ። ግን በ2014 እንግሊዝኛው ሲወጣ ተርጓሚው ትዕይንቱን ደራሲው መጀመሪያ ወዳሰበው ቦታ፣ ወደ መክፈቻው መለሰው። ክልከላው ስሎት ቢሆን ኖሮ ለምን ይመልሰዋል?

ስለት የሚሉት የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። ጂንጂያንግ በተባለው ትልቁ የሴቶች ልብ ወለድ ድረ ገጽ ከአንገት በታች ያለውን ገላ በፍቅር ትዕይንት መግለጽ ክልክል ነው፤ ማሽኑ የያዘው ቃል በባዶ ሣጥን ይተካል። ቻይንኛ በቃላት መካከል ክፍተት ስለሌለው የአንዱ ቃል መጨረሻና የቀጣዩ መጀመሪያ ተገጣጥመው የተከለከለ ቃል ከሠሩ ምንም ያላለው ዓረፍተ ነገር ይቦደሳል። አንባቢ የጎደለውን እየገመተ ያነባል። ጂያ ፒንግዋ በ1993 «የተተወች ከተማ» ብሎ ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ እነዚህን ሣጥኖች በገዛ እጁ ደርድሮ «ደራሲው ይህን ያህል ፊደል ሰርዟል» ብሎ ጽፎባቸው ነበር፤ የገበያ ብልሃት ነው ብለው የሳቁበትም አሉ። መጽሐፉ ታግዶ በ2009 ዳግም ሲታተም ሣጥኖቹም ወጡ። በቦታቸው ነጠብጣብ ገባ።