ኪራይ የምትበሉበትን ቤት ግድግዳ ሄዳችሁ እዩት

የጎጃም አከራዮች፣ ወገኖቼ፣ ቅር ቢላችሁም ዛሬ ስሙኝ። ማርቆስ ተከራይቼ ስኖር ከኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ቋሚው ከስሩ በምስጥ ተበልቶ ግድግዳው ወደ ውጭ ሆዱን ነፍቶ ነበር፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ እዛ የምትኖረው እናት በባላ ደግፋው ልጆቿን ወደ ሌላኛው ጥግ ወስዳ ታስተኛ ነበር። ባለቤቱ ወር በገባ ቁጥር ይመጣል፣ ባላውን እያየ ብሩን ቆጥሮ ይሄዳል። ስንነግረው "ክረምቱ ይውጣና እናያለን" ነው መልሱ። ኧረ ቤት የሚወድቀው በክረምቱ እኮ ነው! ጭቃው ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ የበሰበሰ ባህር ዛፍ ደግሞ ያንን ክብደት አይችልም።

መብራቱስ? ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ፣ እየተቀጠለ የተሳበው ሽቦ በፌስታል ተጠቅልሎ ቆርቆሮው ስር ተንጠልጥሏል፣ ማታ ሁሉም ምጣድና ስቶቭ ሲሰካ ሽቦው ይግላል። እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ሰው እያሳደሩ ኪራይ መቀበል ነውር ነው። ነውር!

አደጋ ሲደርስ "የእግዜር ቁጣ ነው" ብለን እናልፈዋለን፣ ሕጉ ግን እንደዛ አያልፈውም፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 ላይ ሕንጻው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ ጉዳቱ ይመጣል ብሎ ባያስብም እንኳን።

ለባጃጅ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ስለሆነ ትገባላችሁ አይደል፣ ሃያ ሰው ለሚያድርበት ግቢ ለምን አትጠይቁም? የእሳት ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ቤታችሁን ነው፣ ተከራዩ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የኃላፊነት ኢንሹራንስ የሚባለውን ለብቻው ጠይቁ። ቤቱ ከምን እንደተሠራና እንደተከራየ ሳትደብቁ ለኢንሹራንሶቹ ንገሯቸው፣ የደበቀ ሰው ካሳ ሊከለከል ይችላል። የዘመመ ቤት ይዛችሁ ስትሄዱ ደግሞ እሺ ላይሏችሁ ይችላሉ፣ መጀመሪያ ጠግኑ።

እናንተ ተከራዮችም "ውጣ ይለኛል" ብላችሁ ዝም አትበሉ፣ እኔም ያኔ እሱን ፈርቼ ሁለት ወር ዝም ማለቴ እስከዛሬ ያሳፍረኛል። ፎቶ አንሱ፣ ምስክር ይዛችሁ ንገሩት፣ ጥገናው የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። እምቢ ካለ ወደ ቀበሌ።

አከራዮች፣ ሰኔ ሳይገባ ሂዱና ቋሚዎቹን ከስራቸው ትንሽ ቆፈር አድርጋችሁ ቢላ ሰክታችሁ ሞክሯቸው፣ በቀላሉ ከገባ ቀይሩት፣ ሽቦውንም ሙያው ያለው ሰው ይየው፣ ተጠግኖ እስኪያልቅ ሰዎቹን ሌላ ክፍል አስገቧቸው፣ የዛን ወር ኪራይም አትጠይቁ።